ላውንደሪው ቤት ነው ወይስ ደጅ? የዊልሚንግተን ተከራዮችና የሽጉጥ ክርክራቸው

አንዲት ሴት አፓርትመንት ተከራይታ ትኖራለች እንበል። ሽጉጥ አላት፤ በሕጋዊ መንገድ የገዛችው ነው። መኝታ ቤቷ ብታስቀምጠው ማንም ምንም አይላትም። ቅዳሜ ጠዋት የቆሸሸ ልብሷን በዘንቢል ሞልታ፣ የሕንፃው ተከራይ ሁሉ ወደሚጠቀምበት ላውንደሪ ልትወርድ ነው። ሽጉጧን ይዛ ትውረድ ወይስ ትታው?

ነገሩ ቀልድ ይመስላል። ግን አሜሪካ፣ ዴላዌር ግዛት ውስጥ፣ ዊልሚንግተን በምትባል ከተማ የዚህ ዓይነቱ ጥያቄ አራት ዓመት አከራክሯል። "አከራይ ወይም ኮሌጅ ተከራዩን መሣሪያ አትያዝ ማለት ይችላል ወይ?" ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላገኘሁም። ቀኖቹን፣ ወሮቹንና ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ክሱ የተከፈተው በ2010 ነው። ተከሳሹ የዊልሚንግተን የቤቶች ባለሥልጣን ነበር። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች ቤት የሚያከራይና የሚያስተዳድር የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ከሳሾቹ ሁለት ተከራዮች ናቸው። አንደኛዋ መዝገቡ ላይ "ጄን ዶ" ተብላ ነው የተጻፈችው። የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ስሟ እንዳይታወቅ ለምትፈልግ ባለጉዳይ የሚጠቀሙበት ስም ነው፤ የኛ "እገሊት" ማለት ነው። እሷ የምትኖረው ፓርክ ቪው በሚባል ሕንፃ ነበር። ሕንፃው የግል ንብረት ሲሆን የሚያስተዳድረው ባለሥልጣኑ ነው። ሁለተኛው ተከራይ የሚኖረው ሳውዝብሪጅ በሚባለው የአፓርትመንት መንደር ነው። ይሄኛው የራሱ የባለሥልጣኑ ንብረት ነው።

ይህን የባለቤትነት ነገር ያዙልኝ፤ ወደፊት ያስፈልገናል።

የሳውዝብሪጅ ውል ድሮ የሚለው አጭርና ቁርጥ ያለ ነበር። ተከራይ፣ ቤተሰቡም ሆነ እንግዳው፣ በተከራየው ክፍል ውስጥም ሆነ በግቢው በየትኛውም ቦታ መሣሪያ መያዝ አይችልም። የሚሠራም ይሁን የማይሠራ። የማይሠራ የሚለው ትንሽ አስገርሞኛል። በዚህ አነጋገር ከአያት የተወረሰ፣ ዝጎ አልተኩስ ያለ ምንሽር ግድግዳ ላይ መስቀል እንኳ ከቤት ሊያስወጣ ነው። ፓርክ ቪው ደግሞ የራሱ የቤት ደንብ ነበረው። እሱም መሣሪያ ማሳየትና መጠቀምን ይከለክላል፤ ወንጭፍ ሳይቀር።

ተከራዮቹ ክሳቸውን ያቀረቡት ለግዛቱ ፍርድ ቤት ነበር። ባለሥልጣኑ ግን ጉዳዩን ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት አዛወረው። በዚህ መሀል ዋሽንግተን ላይ መሬቱ ተንቀሳቀሰ።

ለዚህ ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ሁለተኛ ማሻሻያ መሣሪያ ስለመያዝ ይናገራል። መብቱ የሚሊሻ ነው ወይስ የእያንዳንዱ ግለሰብ የሚለው ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ኖሯል። በሰኔ 2008 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሄለር ጉዳይ "የግለሰብ ነው፣ ያውም በዋናነት ቤቱ ውስጥ ራሱን እንዲከላከልበት ነው" አለ። የተሻረው የዋሽንግተን ዲሲ ሕግ ነበር። ዲሲ ግን ግዛት አይደለችም። ስለዚህ ግዛቶችና ከተሞች "እኛን አይመለከተንም" የሚሉበት ቀዳዳ ቀረላቸው። በሰኔ 2010፣ በማክዶናልድና በቺካጎ ከተማ ክርክር ያ ቀዳዳ ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ ከተማ በሉት፣ ካውንቲ በሉት፣ የመንግሥት የቤቶች ባለሥልጣን በሉት፣ መብቱን ማክበር ግዴታው ሆነ።

የዊልሚንግተን ባለሥልጣን ይህን ሲያይ ብልጥ ሆነ። ፍርድ ቤት እስኪሽረው አልጠበቀም። የድሮውን ክልከላ ራሱ አንስቶ በጥቅምት 2010 አዲስ መመሪያ አወጣ። በአዲሱ መመሪያ ተከራይ ክፍሉ ውስጥ መሣሪያ መያዝ ይችላል። የፓርክ ቪው አከራይም ያንኑ ተቀበለ። ብዙ ሰው "በቃ፣ ከሳሾቹ አሸነፉ" ብሎ እዚህ ላይ ይነሳ ነበር።

አልተነሱም። አዲሱ መመሪያ ውስጥ ሁለት አንቀጾች ቀርተዋል። አንደኛው፣ በጋራ መጠቀሚያ ቦታዎች መሣሪያ ማሳየትም ሆነ መያዝ አይቻልም ይላል። ከዚህ ነፃ የሚሆነው ሰውየው መሣሪያውን ወደ ክፍሉ ሲያስገባ ወይም ከክፍሉ ሲያወጣ፣ ወይም ራሱን ለመከላከል ሲጠቀምበት ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ሕግ ወይም መመሪያው ተጥሷል ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት ሲኖር፣ ተከራዩ የመሣሪያውን ፈቃድና ሰነድ እንዲያሳይ የመጠየቅ ሥልጣን ይሰጣል። እነዚህን የጣሰ ከቤቱ ሊወጣ ይችላል።

የመጀመሪያውን አንቀጽ ደግማችሁ አንብቡት። ላውንደሪ ውስጥ ሽጉጥ ይዞ መገኘት ክልክል ነው። ላውንደሪ ውስጥ ራስን ለመከላከል በሽጉጥ መጠቀም ግን ይፈቀዳል። ታዲያ ሽጉጡ ከየት ይመጣል? አጥቂውን "አንዴ ታገሰኝ፣ አራተኛ ፎቅ ደርሼ ልምጣ" ሊሉት ነው? አንቀጹን የጻፈው ሰው ክፉ አሳቢ አይመስለኝም። ከሁለቱም ወገን ላለመጣላት ሲል ብቻ እርስ በርሱ የሚጣላ ዓረፍተ ነገር ጻፈ።

እዚህ ላይ ነው ላውንደሪው ቤት ነው ወይስ ደጅ የሚለው ጥያቄ የመጣው። ለኛ ሰው ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው ኮሙናሉን ያውቀዋል። በግ የሚታረድበት፣ ለለቅሶና ለሠርግ የሚበሰልበት ቤት ነው። ኮሙናሉ ቤቴ ነው? አይደለም፤ ቁልፉም እኔ ጋ የለም። ታዲያ መንገድ ነው? እሱም አይደለም፤ አላፊ አግዳሚ ሰተት ብሎ አይገባበትም። አማርኛ "ቤት"፣ "ግቢ" እና "ደጅ" ብሎ ሦስት ቦታ ይለያል። የሄለር ፍርድ ግን የተጨነቀው ስለ ቤት ብቻ ነበር። ስለ ግቢ የነገረን ነገር የለም።

የፌዴራሉ ዳኛ ሌናርድ ስታርክ በሐምሌ 2012 ለባለሥልጣኑ ፈረዱ። መከራከሪያቸው ጥርት ያለ ነው። መብቱ በሙሉ ኃይሉ የሚሠራው ቤት ውስጥ ነው፣ የጋራ ቦታ ደግሞ ከክፍሉ በር ውጭ ነው። ብዙ ሰው በሚተላለፍበት ቦታ የነዋሪውን ደኅንነት መጠበቅ ደግሞ ተገቢ ዓላማ ነው። ከሳሾቹ ይግባኝ አሉ።

ይግባኙን ያየው "ሦስተኛ ሰርኪት" የሚባለው የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ነው። ይህ ፍርድ ቤት ደስ የሚል ነገር አደረገ፤ ወዲያው አልፈረደም። የዴላዌር ግዛት የራሱ ሕገ መንግሥት አለው። በ1987 የገባው የመጀመሪያው ምዕራፍ 20ኛ አንቀጽ ማንኛውም ሰው ራሱን፣ ቤተሰቡን፣ ቤቱንና ግዛቱን ለመከላከል፣ እንዲሁም ለአደንና ለመዝናኛ መሣሪያ የመያዝና የመታጠቅ መብት አለው ይላል። ከፌዴራሉ ይልቅ ሰፋ ያለ ነው። ራስ፣ ቤተሰብና ቤት ለየብቻ ተጠርተዋል። ይህን አንቀጽ መተርጎም የማን ሥራ ነው? የዴላዌር ዳኞች። ስለዚህ የፌዴራሉ ፍርድ ቤት ሁለቱን ጥያቄዎች ወደ ዴላዌር ጠቅላይ ፍርድ ቤት ላከ። የጋራ ቦታው ክልከላ በናንተ ሕገ መንግሥት ያስኬዳል ወይ? ሰነድ አሳይ የሚለውስ?

መልሱ በመጋቢት 18 ቀን 2014 መጣ። በአንድ ድምፅ፣ ለሁለቱም፣ አያስኬድም።

ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ሄንሪ ሪጅሊ ናቸው። እኔን የያዘኝ ሐሳብ መሀሉ ላይ ነው ያለው። ባለሥልጣኑ ሲከራከር "እኔ እዚህ ላይ እንደ መንግሥት ሳይሆን እንደ ማንኛውም ባለቤት ነው የቆምኩት፤ ንብረቴ ላይ ደንብ አወጣለሁ" የሚል መንፈስ ነበረው። ይህ ጠንካራ ክርክር ነው። መንግሥት በፍርድ ቤት ሕንፃ ወይም በመሥሪያ ቤት ውስጥ መሣሪያ ሲከለክል ብዙ ጊዜ ተፈቅዶለታል። ፍርድ ቤቱ ግን ቦታው ለምን እንደሚውል መታየት አለበት አለ። የሕዝብ መኖሪያ፣ ማለትም ባለሥልጣኑ የሚያከራየው ዓይነት ቤት፣ የመንግሥት ሕንፃ ብቻ አይደለም፤ የሰው ቤትም ነው። ሰው ፍርድ ቤት ጉዳዩን ጨርሶ ይወጣል። ከቤቱ ግን የት ይሄዳል? ራስንና ቤተሰብን የመከላከል ፍላጎት ሕንፃው የመንግሥት ስለሆነ አይቀንስም፣ የግል ስለሆነም አይጨምርም።

ላውንደሪውስ? ፍርድ ቤቱ ነዋሪው እንደ ቤቱ ቅጥያ የሚጠቀምባቸው ቦታዎች ናቸው ወደሚለው አዘነበለ። የሚገቡበት ነዋሪዎችና እንግዶቻቸው ናቸው። ደግሞም እዚያ ጥቃት ቢመጣ ፖሊስ እስኪደርስ ጊዜው ሊያልፍ ይችላል። ክልከላው የተነጣጠረው በወንጀለኛ ላይ አልነበረም፤ ሕግ አክባሪውን ነዋሪ ሁሉ ትጥቅ የሚያስፈታ ነበር። ሰነድ አሳይ የሚለው አንቀጽም አብሮ ወደቀ። ዋና ሥራው የወደቀውን ክልከላ ማስፈጸም ስለነበር ብቻውን የሚቆምበት እግር አላገኘም። በዚያው ዓመት የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት መልሱን ተቀብሎ የስታርክን ውሳኔ ገለበጠ። ስለ ሁለተኛው ማሻሻያ መናገር ሳያስፈልገው ጉዳዩ ተዘጋ።

እኔ በውጤቱ አልከፋም። ያ እርስ በርሱ የሚጣላ አንቀጽ መውደቅ ነበረበት። ግን አንድ ቅር ያለኝ ነገር አለ። የጋራ ሳሎን ውስጥ ሽማግሌዎች ካርታ ይጫወታሉ፣ ልጆች ይሯሯጣሉ፣ በማጠቢያ ማሽን ወረፋ ሰው ይጣላል። ሽጉጥ ያልያዙት ጎረቤቶች በዚህ ክስ ውስጥ ተከራካሪ አልነበሩም። የነሱ ስጋት የተነገረው በመሥሪያ ቤቱ አፍ ነው። የመሥሪያ ቤት አፍ ደግሞ ስለ መመሪያው እንጂ ስለ ልጅሽና ስለ ልጄ አያወራም። ሌሎቹ አንቀጾች ግን፣ ማለትም ራስን ከመከላከል ውጭ አትተኩስ፣ መሣሪያህን በጥንቃቄ አስቀምጥ የሚሉት፣ የክርክሩ ዒላማ አልነበሩም።

አሁን ያዙልኝ ወዳልኩት የባለቤትነት ነገር ልመለስ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። አሜሪካ ያለ ዘመድ "ሕገ መንግሥታዊ መብቴ ነው፣ አከራዬ ምን አገባው?" ሲል ሰምታችሁ ይሆናል። ያገባዋል። ሕገ መንግሥቱ የሚያስረው መንግሥትን ነው። የግል አከራይ መንግሥት አይደለም። ከሱ ጋር ያላችሁ ውል ነው። ውሉ ወይም ከኋላው የተያያዘው የቤት ደንብ "መሣሪያ ክልክል ነው" ካለና ከፈረማችሁ፣ የግዛቱ ሕግ ካልከለከለው በቀር ይጸናል። መጣሱ ብቻውን ወንጀል አይሆንም። ግን ከቤት ሊያስወጣ ይችላል። ያ ደግሞ በቀጣዩ አከራይ ፊት የሚከተል ታሪክ ነው።

"የግዛቱ ሕግ ካልከለከለው" ያልኩት ሐረግ ትልቅ ነው። የኛ ሰው የበዛባቸውን ጥቂት ቦታዎች ልጥቀስ። ሚኒሶታ ውስጥ ሕጉ ግልጽ ነው። አከራይ ተከራዩን ወይም እንግዳውን በሕጋዊ መንገድ መሣሪያ እንዳይዝ መከልከል አይችልም፤ የግል አከራይም ቢሆን። ቨርጂኒያ በሕዝብ መኖሪያ ቤቶች ላይ ያተኮረ ሕግ አላት። ቴክሳስ በ2019 ያወጣችውን ሕግ መጨረሻ ላይ አነሳዋለሁ፤ ከዊልሚንግተን ጋር የሚያወዳድረው ነገር አለው።

ኮሌጆችስ? እዚህ ነፋሱ በተቃራኒው ነው የሚነፍሰው። አይዳሆ ውስጥ አንድ የሕግ ተማሪ ነበር። ከሚስቱ ጋር ሞስኮ በምትባል ከተማ፣ በዩኒቨርሲቲው አፓርትመንት ይኖራል። ተጋቢዎች የሚኖሩበት፣ ኪራይ የሚከፈልበት ቤት ነው። ዶርም አይደለም። ዩኒቨርሲቲው መሣሪያ ስለከለከለ በ2011 ከሰሰ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ፍርዱ ለዩኒቨርሲቲው ሆነ። ልብ በሉ፤ የአይዳሆ ዩኒቨርሲቲ የመንግሥት ነው። አከራዩ መንግሥት፣ ቤቱም የቤተሰብ ቤት ነው። እንደ ዊልሚንግተን ቢቆጠር ተማሪው ሊያሸንፍ ይችል ነበር።

ልዩነቱ ከየት መጣ? የሄለር ፍርድ ራሱ በር ከፍቶ ነበር። እንደ ትምህርት ቤትና እንደ መንግሥት ሕንፃ ባሉ ቦታዎች መሣሪያ መከልከል ሲሠራ የኖረ ነው፣ አልነካውም ብሏል። ካምፓስ ሲባል የዳኛው ዓይን ፊት የሚመጣው ትምህርት ቤት ነው። በሕዝብ መኖሪያ ጊዜ ግን የሚመጣው ቤት ነው። አንዱ ኪራይ ከፍሎ የሚኖርበት ክፍል ካምፓስ ላይ ስለተሠራ ትምህርት ቤት ይሆናል፣ ሌላው የመንግሥት ስለሆነ መሥሪያ ቤት አይሆንም። አልጋው፣ ምድጃው፣ የሕፃኑ ጋሪ አንድ ዓይነት ነው። ይህን ልዩነት በቅጡ ያስረዳኝ ሰው አላገኘሁም።

ግዛቶቹ ራሳቸው ሕግ ሲያወጡም ዶርምን ለይተው ያዩታል። ጆርጂያ በ2017 ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ሽጉጣቸውን ደብቀው ካምፓስ እንዲገቡ ስትፈቅድ የተማሪ መኖሪያን አስቀርታለች። ኮሎራዶ የሄደችው መንገድ ደግሞ ለየት ያለ ነው። በመጋቢት 2012 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲን ክልከላ ሻረ። ምክንያቱ ሕገ መንግሥት አልነበረም፤ በ2003 የወጣው የግዛቱ የሽጉጥ ፈቃድ ሕግ ለዩኒቨርሲቲው የተለየ ሥልጣን አልሰጠውም የሚል ነው። ዩኒቨርሲቲው ምን አደረገ? ዶርም ውስጥ አይቻልም አለና፣ ፈቃድ ላላቸው ከ21 ዓመት በላይ ለሆኑ ተማሪዎች ለብቻቸው መኖሪያ መደበ። ከዊልሚንግተን ባለሥልጣን የሰላ ብልጠት ይመስለኛል። ቢያንስ መመሪያው ከራሱ ጋር አልተጣላም።

የሕዝብ መኖሪያው መስመር ከዊልሚንግተን በኋላም ቀጥሏል። ኢሊኖይ ውስጥ፣ ኢስት ሴንት ሉዊስ ላይ፣ የቤት ውስጥ ጥቃት የደረሰባት ተከራይ የከተማዋን የቤቶች ባለሥልጣን ከሰሰች። በ2019 የፌዴራል ፍርድ ቤት ክልከላውን አገደ። በሰኔ 2022 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በብሩየን ጉዳይ መብቱ ከቤት ውጭም ይከተላል አለ። መንግሥት ክልከላ ካወጣ ከአገሪቱ የቆየ ልማድ ጋር መመሳሰሉን እንዲያሳይም ጠየቀ። ወራት ሳይቆይ የቴነሲ ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ኮሎምቢያ በምትባል ከተማ የመንግሥት እጅ ያለበት አከራይ ሽጉጥ ስለተገኘበት ሊያስወጣው የፈለገውን ተከራይ ጉዳይ በዚህ መለኪያ አይቶ ለተከራዩ ፈረደ። በዊልሚንግተን ጊዜ ከባዱ ነገር ላውንደሪው ቤት መሆኑን ማሳየት ነበር። ከብሩየን በኋላ ደጅ ቢሆንም ክርክሩ አይሞትም።

ቴክሳስን ቀጠሮ ሰጥቼው ነበር። ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው በመስከረም 2019 ሲሆን፣ ከጥር 2020 ጀምሮ የሚፈረሙና የሚታደሱ ውሎችን ይገዛል። የግል አከራይ ተከራዩን መሣሪያ እንዳይዝ አይከለክልም። የት? በተከራየው ክፍል ውስጥ። መኪና ማቆሚያው ላይ ባለ መኪናው ውስጥ። በሁለቱ መካከል ለመግባትና ለመውጣት በሚያልፍባቸው ቦታዎች ላይ። እዚያ ላይ ያበቃል።

ይህ ከሞላ ጎደል የዊልሚንግተን ባለሥልጣን ያሰመረው፣ የዴላዌር ዳኞችም የሻሩት መስመር ነው። በመሣሪያ ጉዳይ ጥብቅ የምትባለው ዴላዌር ውስጥ የሕዝብ መኖሪያ ተከራይ ላውንደሪ ድረስ ጥበቃ አላት። ዳላስ ያለችው ተከራይ ግን ዘንቢሏን ይዛ ወደ ላውንደሪ ከመውረዷ በፊት አከራዩ በሩ ላይ የለጠፈውን ማስታወቂያ ማንበብ አለባት።